«ኮንቴጅን» ከመተማ ሲታይ፦ የአሳማው ቫይረስና ያልታየው የመጀመሪያ ቀን

ስቲቨን ሶደርበርግ ያዘጋጀውና ስኮት በርንዝ የጻፈው «ኮንቴጅን» የተሰኘ ፊልም ለተመልካች የቀረበው በ2011 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2020 ኮቪድ-19 ዓለምን ሲያዳርስ ፊልሙ እንደ ትንቢት ተቆጥሮ ዳግም ተፈላጊ ሆነ፤ በሀገራችንም የጤና ባለሙያዎች በፍላሽ እየተቀባበሉ አይተውታል። ከእንስሳ ወደ ሰው ስለሚሻገሩ በሽታዎች በተነሣ ቁጥር ዛሬም በምሳሌነት ሲጠቀስ ይሰማል። አንድ የፈጠራ ሥራ በሐኪሞች ዘንድ የማስተማሪያ መጽሐፍ ያህል ቦታ ሲይዝ፣ ምን እንዳስተማረና ምን እንደ ሸፈነ መመርመር ተገቢ ይመስለኛል። ምርመራው የሚካሄደው ከመተማ ዮሐንስ አንጻር ነው፤ አሳማ ማርባት ባልተለመደበት፣ የትኩሳት ሕመምተኛ ግን በማይታጣበት የሱዳን ጠረፍ ቆላ ላይ ሆኖ።

ፊልሙን ላላዩ ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ወይዘሮ ኤምሆፍ የተባለች የአንድ ኩባንያ ሠራተኛ ለሥራ ወደ ሆንግ ኮንግ ሄዳ ስትመለስ ሳል ይጀምራታል፤ በቀናት ውስጥ ትሞታለች፤ ትንሽ ልጇም ይከተላታል። በሽታው በአውሮፕላን እየተሳፈረ አህጉራትን ያዳርሳል፤ የምርምር ማዕከላት ይረባረባሉ፤ ክትባት ይገኛል። ፊልሙ የሚከፈተው «ሁለተኛ ቀን» በሚል ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያው ቀን የሚታየው ፊልሙ ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው፦ ቡልዶዘር ዛፍ ይገነድሳል፤ ማደሪያዋን ያጣች የሌሊት ወፍ የሙዝ ቁራሽ በአሳማ ጋጣ ውስጥ ትጥላለች፤ ግልገል አሳማ ይበላዋል፤ አሳማው ታርዶ ወደ ምግብ ቤት ይወሰዳል፤ አብሳዩ እጁን ሳይታጠብ በሽርጡ ጠርጎ ከወይዘሮ ኤምሆፍ ጋር ይጨባበጣል።

በቅድሚያ ለፊልሙ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ አይገባም። የሳይንስ አማካሪው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የቫይረስ ተመራማሪ ኢያን ሊፕኪን ነበር፤ እጁም በሥራው ላይ ይታያል። አንድ ሕመምተኛ በአማካይ ለስንት ሰው እንደሚያስተላልፍ የሚገልጸው ቁጥር በነጭ ሰሌዳ ላይ የተብራራበት ትዕይንት፣ ብዙ መምህራን በአንድ ክፍለ ጊዜ የማያሳኩትን በጥቂት ደቂቃ ያሳካል። የመስክ መርማሪዋ ዶክተር ሚርስ በሆቴል ክፍሏ ታማ ስትነቃ መጀመሪያ የምትጠይቀው ክፍሏን ያጸዱትን ሠራተኞች ስም ነው፤ በመጨረሻም ራሷ ለሌሎች ባዘጋጀችው ጊዜያዊ ማቆያ ውስጥ ትሞታለች። ፎርሲቲያ የተባለ ዕፅ ፈዋሽ ነው እያለ ወሬ የሚነዛውን ሰው የሚያይ ደግሞ፣ በ2020 በየገበያው ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ የተወደዱበትን ሰሞን ማስታወሱ አይቀርም።

ጉድለቱ ያለው በመጀመሪያው ቀን ላይ ነው። ፊልሙ የበሽታውን ምንጭ እንደ እንቆቅልሽ መልስ ለመጨረሻ ያስቀምጠዋል፤ ተመልካቹም «ለካ ነገሩ ከአሳማ ነው» ብሎ ይነሣል። ቡልዶዘሩ ላይ የሚታየው አርማ ወይዘሮ ኤምሆፍ የምትሠራበት ኩባንያ መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። (ከፊልሙ ሁሉ ብልህነት ያለበት ትችት ይኸው ነበር፤ በዓይን ጥቅሻ ያህል አለፈ።) ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ሌላ ነው። በተገነደሰው ዛፍና በምግብ ቤቱ መካከል ብዙ ሰዎች አሉ፦ ዛፉን የሚገነድስ፣ አሳማውን የሚቀልብ፣ በመኪና የሚያጓጉዝ፣ የሚያርድ፣ የሚያበስል። ከእነዚህ አንዱም ስም የለውም፤ አንዱም ታምሞ አይታይም። በዚህ ፊልም ዓለም መጀመሪያ የሚያስለው በአውሮፕላን የሚሄደው ነው። ለድራማ ይህ ይመቻል፤ የበሽታ ታሪክ ግን እንዲህ አይሄድም።

ፊልሙ ከተቀዳባቸው እውነተኛ ታሪኮች ዋነኛው በማሌዥያ የተከሠተው የኒፓ ቫይረስ ወረርሽኝ ነው። ይህን ታሪክ በዝርዝር ማየት ይጠቅማል፤ ፊልሙ የዘለላቸው ወራት ያሉት በዚህ ውስጥ ነውና። በ1998 መጨረሻ ፔራክ በተባለው ግዛት፣ በኢፖ ከተማ አካባቢ፣ አሳማ የሚያረቡ ገበሬዎች በትኩሳት፣ በራስ ምታትና ራስን በመሳት መታመም ጀመሩ። በሽታው የአንጎል ብግነት መሆኑ ግልጽ ነበር። በአካባቢው ቀድሞ የሚታወቀው «የጃፓን የአንጎል ብግነት» በትንኝ የሚተላለፍና በአሳማ ውስጥ የሚባዛ ነው፤ ከአንዳንድ ሕሙማን ደምም የዚሁ በሽታ ምልክት ተገኘ። ስለዚህ የታወቀው ስም ተሰጠ፣ የታወቀው ሥራም ተጀመረ፦ ትንኝ የሚገድል ጭስ ተነፋ፣ ክትባት ተሰጠ። ወራት አለፉ፤ ሰዎች መሞታቸውን አላቆሙም።

የማይገጥሙ ነገሮች ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ በሐኪሞች ዓይን ፊት ነበሩ። የጃፓን የአንጎል ብግነት በአብዛኛው ሕፃናትን ያጠቃል፤ እዚህ የታመሙት ጎልማሶች፣ ያውም በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ክትባቱን የወሰዱ ታመዋል። በአንድ ቤት ውስጥ አሳማ የሚነካው ሲታመም የማይነካው ጤነኛ ነበር፤ ትንኝ ግን ሁለቱንም ይነክሳል። ከአሳማ ርቀው የሚኖሩት ሙስሊም ጎረቤቶች እዚያው ሠፈር እየኖሩ በሽታው አለፋቸው። አሳማዎቹም ራሳቸው ከሩቅ በሚሰማ ኃይለኛ ሳል ይታመሙ ነበር፤ የጃፓን የአንጎል ብግነት ደግሞ አሳማን እንዲህ አያስልም። ከእነዚህ ፍንጮች አንዱም ከላቦራቶሪ የመጣ አይደለም። ሁሉም «ሥራህ ምንድን ነው? ቤትህ ማን ታሟል? ከብትህስ እንዴት ነው?» ብሎ ከመጠየቅ የሚገኙ ናቸው።

ገበሬዎቹ የታመመ አሳማ እንዳይከስርባቸው በርካሽ ሸጡ፤ አሳማው በመኪና ወደ ደቡብ ተጓዘ፤ በሽታውም አብሮ ሄዶ በኔግሪ ሰምቢላን ግዛት ከቀድሞው በከፋ ሁኔታ ፈነዳ። በመጋቢት 1999 የማላያ ዩኒቨርሲቲው ወጣት የቫይረስ ባለሙያ ቹዋ ካው ቢንግ ከአንድ ሕመምተኛ የአከርካሪ ፈሳሽ ያልታወቀ ቫይረስ አበቀለ፤ ናሙናውንም ይዞ ወደ አሜሪካ በረረ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታየው ከኩፍኝ ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነ አዲስ ቫይረስ ነበር። ስሙም ከሕመምተኛው መንደር ከሱንጋይ ኒፓ ተወሰደ። እስኪገታ ድረስ በማሌዥያ 265 ሰዎች ታመው 105 ሞቱ፤ በሲንጋፖርም ከማሌዥያ የመጣ አሳማ ያረዱ የቄራ ሠራተኞች ታመው አንዱ ሞተ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ አሳማ ተወገደ። ቫይረሱ ከፍራፍሬ በሊታ የሌሊት ወፎች የመጣ ነበር፤ ከአሳማ ጋጣው አጠገብ የማንጎ ዛፎች ተተክለው ወፎቹ የበሉትን ቅሪት ይጥሉ ነበር። በፊልሙ የምናየው ሙዝ ያ ማንጎ ነው። የሞቱት ገበሬዎችና የቄራ ሠራተኞች ግን በፊልሙ የሉም።

«በእኛ ሀገር አሳማ የሚበላ ጥቂት ነው፤ ነገሩ አይነካንም» የሚል አስተያየት ከባልደረቦቻችንም አንደበት ይሰማል። ለዚህ መልሱን የሰጠው ራሱ ኒፓ ነው። ከ2001 ጀምሮ ይኸው ቫይረስ በባንግላዴሽ በተደጋጋሚ ተከሥቷል፤ አሳማ ብዙም በማይረባበት፣ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት ሀገር። ሰዎች ሌሊት ከተምር ዘንባባ የሚቀዱትን ጣፋጭ ጭማቂ ጠዋት በጥሬው ይጠጣሉ፤ የሌሊት ወፎቹም ሌሊት ከዚያው ከሚንጠባጠበው ይልሳሉ። ቫይረሱ አሳማን አላስፈለገውም። ከዚያም ከሕመምተኛ ወደ አስታማሚ፣ ከሰው ወደ ሰው ተላለፈ። አሳማ በማሌዥያ የተወነው የአባዢነትን ሚና ነው፤ ይህን ሚና በሌላ ሀገር ሌላ እንስሳ ሊጫወተው ይችላል፤ ጭራሹንም ተዋናዩ ሊቀር ይችላል። በኅዳር 2025 በጂንካ የማርበርግ በሽታ መከሠቱ ሲረጋገጥ፣ የሌሊት ወፍ ቫይረስ ያለ አሳማ ወደ ኢትዮጵያውያን መድረስ እንደሚችል ማስረጃ ፍለጋ ማሌዥያ መሄድ አላስፈለገም።

የእንስሳው ስም በበሽታው ላይ ሲለጠፍ የሚያስከትለውን መዘዝ 2009 አሳይቶናል። በዚያ ዓመት በሚያዝያ የተለየው አዲሱ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ዘረ መሎቹ በአሳማዎች ውስጥ ሲዘዋወሩ ከነበሩ ዝርያዎች የመጡ ስለ ነበሩ «የአሳማ ጉንፋን» ተባለ። የሚተላለፈው ግን ከሰው ወደ ሰው ነበር። ግብፅ በሀገሯ አንድም ሕመምተኛ ሳይረጋገጥ 300,000 ያህል አሳማዎቿ እንዲወገዱ አዘዘች። የካይሮን የምግብ ጥራጊ የሚበሉት እነዚያ አሳማዎች ስለ ነበሩ ከተማዋ በቆሻሻ ተቸገረች፤ ኑሯቸው በአሳማዎቹ ላይ የተመሠረተው ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ደኸዩ፤ ጉንፋኑም እንደ ሌላው ሀገር ሁሉ ገባ። ወደ እኛ ሀገርም በሰኔ 2009 የገባው በመንገደኛ እንጂ በአሳማ ሥጋ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 አዳዲስ በሽታዎች በእንስሳት ስም እንዳይጠሩ መመሪያ ያወጣው ከዚህ ተምሮ ነው። «ኮንቴጅን» ከ2009 በኋላ የተሠራ ፊልም ሆኖ ሳለ የተመልካቹን ዓይን መልሶ በአሳማው ላይ ማሳረፉ የሚያስተዛዝብ ነው።

ደግሞም የአሳማ ቫይረስ ሁሉ ሰውን አይነካም። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት በሀገራችንም አሳማ አርቢዎችን ያከሰረ ነው፤ በዱር የሚሸከመው ከርከሮ ሲሆን፣ ወደ ቤት አሳማ ሲገባ ጋጣውን ባዶ ያደርጋል፤ ሰውን ግን አይዝም። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ከርከሮ የሚያገኘው ገበሬ የሚጨነቀው ለማሳው ነው፤ በዚህ በሽታ በኩል ልክ ነው።

ታዲያ ከመተማ ሲታይ የሚያሳስበው ምንድን ነው? የፊልሙ ቡልዶዘር ነው። ይህ ቆላ ለረጅም ዘመን የዕጣን ዛፍና የቀርቀሃ ምድር ነበር። ሰፋፊ የሰሊጥና የጥጥ እርሻዎች እየተስፋፉ፣ ከ2003 ጀምሮም ከደጋው የመጡ ሠፋሪዎች መሬት እየተሰጣቸው ደኑ እየሳሳ ሄዷል። በአረምና በአጨዳ ወቅት እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኞች ከደጋ ይወርዳሉ፤ በየማሳው ዳር በዳስና በዛፍ ሥር ያድራሉ። ከብትና ፍየል በጠረፉ ይሻገራል። በሱዳን ጦርነት ከተነሣበት ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ ብዙ ሺህ ስደተኞች በዚህ በር ገብተዋል፤ በዚያው ዓመት በኩመር መጠለያ ኮሌራ ተነሥቶ ነበር። ሰው፣ ከብትና የተመነጠረ ደን እንዲህ በአንድነት የሚገናኙበት ቦታ በሀገራችን ብዙ አይደለም።

የኒፓ ዘመዶች የሆኑ ቫይረሶች በአፍሪካም እንዳሉ የሚያመለክት ማስረጃ አለ። በ2008 በጋና በተደረገ ጥናት፣ በአህጉሩ ሰፊ ክፍል የሚንከራተተው ገለባ መሳዩ ፍራፍሬ በሊታ የሌሊት ወፍ የእነዚህ ቫይረሶች ፀረ እንግዳ አካል በደሙ ተገኝቶበታል፤ በኋላም በጋና አሳማዎች ታይቷል። በ2014 በታተመው የካሜሩን ጥናት ደግሞ በሰዎች ደም ውስጥ ተገኘ፤ የተገኘባቸውም ከሞላ ጎደል የሌሊት ወፍ ሥጋ የሚበልቱ ሰዎች ነበሩ፣ በተለይም ደን በሚመነጠርበት አካባቢ። እነዚያ ሰዎች ሲታመሙ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ከሆነ፣ በካርዳቸው ላይ የተጻፈላቸውን ስም መገመት አያዳግትም።

በመተማ ትኩሳት ይዞት የሚመጣ ሰው የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። የወባ ምርመራ ይደረግለታል፤ ወባ ከተገኘበት ይታከማል። ካልተገኘበት ዊዳል ይታዘዛል፤ ቀድሞ የተጋለጠ ሁሉ ሊያሳየው የሚችለው ውጤት «ታይፎይድ» ተብሎ ይነበባል፤ ፀረ ባክቴሪያ ይሰጠዋል። ትኩሳቱ ከወራት ካልወረደና ሆዱ ካበጠ ካላ አዛር ይታሰባል። ወባና ካላ አዛር እዚህ በእርግጥም የሚገድሉ ናቸውና ሐኪሙ እነርሱን ማስቀደሙ አያስወቅስም። የሚያስወቅሰው ከእነርሱ በኋላ ያለው ባዶ ቦታ በዊዳል መሞላቱ ነው። በ2018 በታተመ ጥናት በመተማና በሑመራ ሆስፒታሎች በትኩሳት ከታከሙ ሰዎች ደም ውስጥ የደንጊ ቫይረስ ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቷል። ደንጊው በዚያ ቆላ የነበረው ጥናቱ ከመጻፉ በፊት ነው፤ በካርዶቹ ላይ ግን ስሙ አልነበረም። የማሌዥያው «የጃፓን የአንጎል ብግነት» የእኛ «ታይፎይድ» ነው።

የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን ብንወስድ ጉዳዩ ይበልጥ ይቀርባል። በ2007 በሱዳን፣ የገዳሪፍ አጎራባች የሆነውን ሰናርን ጨምሮ፣ በተነሣው ወረርሽኝ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ይህ ቫይረስ አሳማ አይሻም፤ በበግ፣ በፍየልና በከብት ይባዛል። ሰው ከመታመሙ በፊት የሚታየው ምልክት የታወቀ ነው፤ በጎችና ፍየሎች በጅምላ ይጨነግፋሉ፣ ግልገሎች ይረግፋሉ። ይህን የሚያየው የእንስሳት ሐኪሙ ነው። የትኩሳቱን ሕመምተኛ የሚያየው ደግሞ የጤና ጣቢያው ነው። ሁለቱ በአንድ ከተማ፣ ምናልባትም በአንድ ቡና ቤት እየተገናኙ፣ ሪፖርታቸው ግን በሁለት መንገድ ወደ ሁለት መሥሪያ ቤት ይወጣል። «አንድ ጤና» የሚለው መርሕ በአዲስ አበባ ስብሰባዎች ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ በወረዳ ደረጃ ግን ምን እንደሚመስል መጠየቅ ያለብን እኛ ነን።

ስለ ፊልሙ ፍጻሜም አንድ ነገር ልጨምር። መድኃኒቱ የሚመጣው ከላቦራቶሪ ነው፤ ተመራማሪዋ ክትባቱን በራሷ ጭን ላይ ወግታ ትሞክረዋለች። ትዕይንቱ ልብ ይነካል። ፊልሙ በታየበት በዚያው በ2011 ግን ዓለም ሌላ ድል አውጆ ነበር፦ ደስታ በሽታ፣ በ«ክፉ ቀን» ዘመን የኢትዮጵያን ከብት የጨረሰው የኩፍኝና የኒፓ ዘመድ ቫይረስ፣ ከምድር ጠፋ። በሀገራችን የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው በ1995 በአፋር ነው። ቀድሞ ክትባቱ በሙቀት ስለሚበላሽ ወደ አፋር አይደርስም ነበር። ሙቀት የሚችል ክትባት ሲሠራ፣ ከአርብቶ አደሮቹ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው ራሳቸው የጎረቤታቸውን ከብት ከተቡ፤ የትኛው መንጋ የት እንዳለ የሚያውቁት እነርሱ ነበሩና። ይህን ታሪክ ፊልም ያደረገው ሰው አላውቅም። ለመተማ ግን ከ«ኮንቴጅን» ይልቅ የሚቀርበው ይህ ነው።

የፊልሙ ሠሪዎች ያላዩት ጤና ጣቢያ ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳየችው የሕንዷ የኬረላ ግዛት ናት። በግንቦት 2018 በኮዚኮድ አካባቢ አንድ ወጣት ምክንያቱ ሳይታወቅ ሞተ። ከአንድ ቤት ሌላ ሰው በተመሳሳይ ምልክት ሲመጣ ግን የተቀበሉት ሐኪሞች በአንድ ቤተሰብ የአንጎል ብግነት መደጋገሙን አስተዋሉ፤ በጥቂት ቀናትም ኒፓ መሆኑ ተረጋገጠ። በማሌዥያ ወራት የፈጀው በኬረላ ቀናት ፈጀ። ሆኖም የመጀመሪያውን ሕመምተኛ በፔራምብራ ሆስፒታል ያስታመመችው ነርስ ሊኒ ፑቱሴሪ ከዚያ በፊት ተይዛ ነበርና ሞተች። ያስታመመችው፣ የበሽታው ስም ገና ሳይታወቅ፣ እንደ ማንኛውም የትኩሳት ሕመምተኛ ነው። ስም ለሌለው ትኩሳት ጓንትና ጭምብል መጠቀም፣ ከአንድ ቤት ወይም ከአንድ የእርሻ ካምፕ ሁለት ሰው በተከታታይ ሲመጣ ዊዳል ማዘዝን ትቶ ወደ ቅኝት ክፍሉ መደወል፣ እነዚህ በመተማም ያለ ተጨማሪ በጀት የሚሠሩ ናቸው።

በካርዱ ላይ «ሥራ» በሚለው ቦታ የሚጻፈው «ቀን ሠራተኛ» በቂ አይደለም። ደን ሲመነጥር ነበር ወይስ ሰሊጥ ሲያጭድ? የት አደረ? ከብት አርዷል? የሞተ እንስሳ ነክቷል? አብሮት ያደረ ሌላ ሰው ታሟል? ይህን ለመጠየቅ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የወባ ሕሙማን ቁጥር በየሳምንቱ የሚሠመርበት ገበታ ተለጥፏል። ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሮ በዚያ ሳምንት የጨነገፉትንና የሞቱትን ፍየሎች ቁጥር ማስፈር ይቻላል፤ ቁጥሩ ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይገኛል፣ በስልክ።